ሐሙስ ያነበበችው

እናኑ ቅናት የሚባል ነገር እንደሌለባት ለንስሐ አባቷ ሳይቀር ተናግራለች። ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ በጾም ቀን ረስታ የቀመሰችውን ሁሉ አንድ በአንድ ትዘረዝርና «ቅናትስ?» ሲሏት «እሱ እንኳ አልፈጠረብኝም» ትላለች። ዋሸች ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ እውነት ይመስላት ነበር። በሰው ቤት፣ በሰው ልብስ፣ በሰው ባል ቀንታ አታውቅም። የምትቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው። ያቺም የልጇ የሃና ክርስትና እናት፣ አበልጇ የትነበርሽ ናት።

ነገሩ የጀመረው ከአጠራር ነው። ሃና አፏን የፈታችው አያቷ ቤት ስለነበር፣ አሮጊቷ «እናኑ፣ እናኑ» ሲሉ እየሰማች እናቷን በስሟ መጥራት ለመደች። በእኛ ዘንድ ይህ ብርቅ አይደለም፤ እናቱን በስም የሚጠራ ልጅ ሞልቷል። የሚያንገበግበው፣ ይህችው ልጅ የትነበርሽን «እማዬ» ማለቷ ነው። ማን እንዳስተማራት አይታወቅም። እናኑ አምጣ ወልዳ፣ አጥብታ፣ በኩፍኝ ጊዜ ሌሊቱን ታቅፋ አድራ «እናኑ» ትባላለች፤ የትነበርሽ በሰማንያ ቀኗ ለአንድ ጠዋት ታቅፋት ስለቆመች «እማዬ» ትባላለች። ይህ ፍርድ ነው? እናኑ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ዋጥ አድርጋ ኖራለች።

የትነበርሽ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናት። ጎንደር ገብታ ተምራ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። አግብታ ፈትታለች፤ አልወለደችም። ጥፍሯ ንጹሕ ነው፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ የማንንም ልጅ ስትቆጣ ታይታ አታውቅም። እናኑ ይህን ሁሉ ቂም ይዛባታለች። «የማን ልጅ አበሳጭቷት ትቆጣ!» ትላለች ለብቻዋ ስትሆን። ሃና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ያለፈች ጊዜ ስልክ የሸለመቻትም እሷው ናት። ለዚያ ቀን እናኑ ዶሮ ሠርታ ነበር። ዶሮው በአንድ ምሳ አለቀ፤ ስልኩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከልጅቱ እጅ አልወረደም።

ተዘግቶ የከረመው ኢንተርኔት ከተለቀቀ ወዲህማ ባሰ። ሃና ጥጓን ይዛ ትቀመጥና ስልኩን እያየች ፈገግ ትላለች። «ምን አሳቀሽ?» ስትባል «ምንም» ነው መልሷ። ያ «ምንም» ሁሉ ለእናኑ የትነበርሽ ነበር። አባትየው መሪጌታ ፍቅርተማርያም ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ ውለው ነው የሚገቡት፤ ስለ ስልክ የሚያውቁት ሲጮህ ማንሳትን ብቻ ነው። «ተያት፣ ታጥና» ይላሉ። እሳቸው የሚቆጡት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሃና ድምፅዋ ያማረ ነውና መዝሙር መቅረጽ ትመኛለች፤ መሪጌታ ደግሞ «ኦርጋን የገባበት መዝሙር ከእኔ ቤት አይወጣም» ብለው ቆርጠዋል። ልጅቱም ከዚያ ወዲህ ስለ መዝሙር ቤት ውስጥ አታነሳም።

ባለፈው ወር ሰንበት ትምህርት ቤቱ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆችን ሰበሰበ። ልጆቻችንን በኢንተርኔት ከሚደርስ ጉዳት እንዴት እንጠብቅ የሚል ትምህርት አለ ተባለ። እናኑ ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አስተማሪዋ ስትመጣ የትነበርሽ ሆና አረፈችው።

ያልወለደች ሴት ወላጅ ልታስተምር! የትነበርሽ ግን በዚያ ዝግ ባለ ድምፅዋ ቀጠለች። የማይታወቅ ሰው ለልጅ ሲጽፍ በውዳሴ ይጀምራል፣ ከዚያ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ይላል አለች። የእመቤታችንን ሥዕል የለጠፈ ሁሉ እመቤታችንን የሚፈራ እንዳይመስላችሁ አለች። ልጁ ደፍሮ የነገራችሁ ቀን አትጩሁበት፤ ያን ቀን ከጮሃችሁ ሁለተኛ አይነግራችሁም አለች። እናቶች ጥያቄ ጠየቁ፤ አንዳንድ አባቶች በወረቀት ጻፉ። እናኑስ ብትሉ የአበልጇን ጫማ ታይ ነበር። ተረከዙ ላይ ጭቃ የለበትም። የቁስቋምን ዳገት በምን ወጥታው ነው? ይህን ስታሰላስል ትምህርቱ አለቀ። ሲወጡ አንድ ሰውዬ «ልጅ ያላሳደገች አትመስልም፣ እግዜር ይስጣት» ሲል ሰማች። ያን ቀን እናኑ እህል አልበላ አላት።

ከዚያ ወዲያ የያዘችው ሥራ ስለላ ሆነ። ሃና ስልኳን ስትከፍት ጣቷ የሚሄድበትን መንገድ በትከሻዋ ላይ አሻግራ እያየች አጠናችው። ትምህርት ቤቱ ስልክ ስለሚከለክል ልጅቱ ቤት ትታው ነው የምትሄደው። ሐሙስ ዕለት ቤቱ ጭር ሲል እናኑ እጇን አደራርቃ ስልኩን አነሳች። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ የትነበርሽ ለልጇ ምን እንደምትጽፍ።

ቴሌግራሙን ስትከፍት ከመልእክቶቹ ሁሉ በላይ የእመቤታችን ምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል ተለጥፏል። ከጎኑ ስም አለ፦ ወለተ ጽዮን።

የትነበርሽ የክርስትና ስሟ ወለተ ጽዮን ነው። ይህን ሰፈርተኛው አያውቅም፤ ሰው የክርስትና ስሙን ለቄሱና ለቅርቡ ካልሆነ አይናገርም። እናኑ ግን አበልጅ ናትና ታውቃለች። በማኅበራቸው ላይ ቄሱ ስም እየጠሩ ሲጸልዩ ስንት ዓመት ስትሰማው ኖራለች። እያንዳንዱን ቃል በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።

«የኔ ልጅ፣ የላክሽልኝን ሰማሁት። ድምፅሽ አስለቀሰኝ።»

«እናትሽ አይገባትም። ወልዳሽ ነው እንጂ አታውቅሽም። የማውቅሽ እኔ ነኝ።»

«ቅዳሜ አራት ሰዓት መናኸሪያ፣ የአምባ ጊዮርጊስ መኪና የሚቆምበት ጋ። ቀረጻው እዚያ ተዘጋጅቷል። ለማንም እንዳትነግሪ፤ ሰው ከሰማው በረከቱ ይሄዳል።»

ከሁሉ በታች የሃና መልስ ነበር። «እሺ እናቴ» ይላል።

ጣቷን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ የቀደመውን ብታነብ ኖሮ፣ ይህችው «ወለተ ጽዮን» ሃናን ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ወላጆቿ ምን እንደሚሠሩ፣ የክርስትና ስሟስ ማን እንደሆነ የጠየቀችበትን ታገኝ ነበር። በጸሎት ላስብሽ ብላ ነው የጠየቀቻት። የሃና የክርስትና ስም ሲወጣ ታቅፋት ቆማ የሰማች ሴት ይህን አትጠይቅም። እናኑ ግን ወደ ላይ አልሄደችም። የሚያቃጥላትን አግኝታለች፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች? «እናቴ» የምትለዋን ቃል ሦስቴ አነበበቻት። ለእሷ በአሥራ አራት ዓመት አንድ ጊዜ ያልተባለች ቃል ናት።

መጀመሪያ ያሰበችው ፒያሳ ቤቷ ድረስ ወርዳ የየትነበርሽን ፀጉር ልትይዝ ነበር። ቆየችና የተሻለ መጣላት። ቅዳሜ ወሩ በገባ ሃያ አንድ፣ የማርያም ማኅበራቸው ቀን ነው። በዚያ ማኅበር ሰው ቂም ይዞ ጽዋ አይጠጣም፤ ጸብ ያለበት ተነሥቶ ይናገራል፣ ቄሱም በሁሉ ፊት ያዩታል። የትነበርሽ የማርያምን ጽዋ ጥላ፣ የሰው ልጅ ይዛ አገሯ አምባ ጊዮርጊስ ልትሄድ ነው ማለት ነው። ትሂድ! ባዶ ቦታዋ ይታይ! እናኑ ያን ጊዜ ተነሥታ ስትናገር፣ ያቺ ዝግ ያለች ሴት ማን እንደሆነች ቁስቋም ሁሉ ያውቃል። ስልኩን እንደነበረ አድርጋ መለሰችና አርብን በትዕግሥት ዋለች። እንዲያውም የሃናን ነጠላ አጠበችላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሃና ቦርሳዋን አንግታ ከደጃፉ ቆመች።

«እናኑ፣ የመዝሙር ጥናት አለን። ሳልቆይ አልቀርም።»

«ሂጂ» አለች እናኑ። ድምፅዋ ማር ማር ይላል።

ሃና አልሄደችም። አንድ እግሯን ውጭ፣ አንድ እግሯን ውስጥ አድርጋ እናቷን አየቻት። «ምነው ዛሬ አልተቆጣሽም?»

«ምን አድርገሽ እቆጣለሁ? ሸጋ ልጅ አይደለሽ?»

ልጅቱ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። እናኑ አይታለች፤ በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰበችው ያቺን አፍታ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ልቧ ማኅበሩ ቤት ደርሶ ነበርና «ይመሽብሻል፣ ሂጂ» አለቻት። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።

የወሩ ባለተራ ወይዘሮ ምንዳዬ ናት። እናኑ ስትደርስ ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ አባ ወልደ ዮሐንስ ፊት አለ። በመስኮቱ ሥር ያለችው የየትነበርሽ ቦታ ባዶ ናት። እናኑ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ጸሎቱ እስኪያልቅ እየተቁነጠነጠች ቆየችና ተነሣች።

«አባ፣ ጸብ አለኝ።»

«ከማን ጋር ነው ልጄ?»

«ካበልጄ ጋር ነው። ከየትነበርሽ።» ሴቶቹ ዞር ዞር አሉ። እናኑ ሁለት ቀን ያጠናችውን ለቀቀችው። «ልጄን ሰርቃኛለች! እኔ ወልጄ እሷ እናት ሆናለች። ዛሬ ደግሞ ይህችን ጽዋ ጥላ፣ ተደብቃ፣ ልጄን ይዛብኝ አምባ ጊዮርጊስ…»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። የትነበርሽ የጠላ ማንቆርቆሪያ በእጇ፣ መቀነቷን አጥብቃ ወጣች። ምንዳዬን ልታግዝ ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ነበረች።

«ማን? እኔ?» አለች።

እናኑ አየቻት። አፏ የጀመረውን ሊጨርስ ፈልጎ ነበር። «ጽፈሽላታል! ወለተ ጽዮን ብለሽ! እኔ የክርስትና ስምሽን የማላውቅ መሰለሽ?»

የትነበርሽ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። «አበልጄ፣ እኔ ቴሌግራም ላይ ያለሁት በገዛ ስሜ ነው። ወለተ ጽዮን የምትባል ሴት ጎንደር ውስጥ ስንት አለች? ምን ብላ ጻፈችላት?»

«መናኸሪያ… አራት ሰዓት… ለማንም እንዳትነግሪ…»

«ሃና አሁን የት ናት?»

የትነበርሽ እዚህ ከሆነች ሃና ከማን ጋር ናት? ሰዓቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ ነበር።

እናኑ ስልኳን ከጡቷ ሥር አውጥታ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ደግማ ደወለች። ሃና የእናቷን ስም አይታ ዝም ብላለች። ሦስተኛውን ስትሞክር የትነበርሽ የራሷን ስልክ አወጣች፤ ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ ከፈተችው።

በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ። «አቤት እማዬ!»

በዚያ ጭንቅ መሐል፣ ልጇ ያለችበትን ሳታውቅ፣ እናኑ ይህን ቃል ስትሰማ ቀናች። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ልብ ውስጥ ይገኛል።

«የኔ ቆንጆ፣ የት ነሽ?» አለች የትነበርሽ፣ «ቡና ጠጪ» እንደምትል ጎረቤት ረጋ ብላ።

«መናኸሪያ…» ልጅቱ ድምፅዋ ቀነሰ።

«አጠገብሽ ማን አለ?»

«የምታስቀርጸኝ ሴትዮ ወንድም ነው። እሷ አምባ ጊዮርጊስ ትጠብቀናለች አለኝ። ሚኒባስ ይዟል። ቦርሳዬን አስገብቶልኛል።»

እናኑ ልትጮህ አፏን ከፈተች። የትነበርሽ በሌላው እጇ አፏን ያዘችው፤ እናኑም ታፍና ቆመች።

«ስሚኝ። አትግቢ። ውኃ ልግዛ በይውና ትኬት ወደሚቆረጥበት ክፍል ሂጂ። ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጪ። ስልኩን እንዳትዘጊ፤ እያወራሽኝ ሂጂ።»

«ቦርሳዬስ?»

«ተይው።»

«እማዬ፣ ቀረጻው እኮ…»

«ማንም አይቆጣሽም። እኔም አልቆጣሽ፣ እናኑም አትቆጣሽ። አሁን ግን ተራመጂ።»

አባ ወልደ ዮሐንስ ለልጅቱ ጸሎት ጀመሩ። ሁለቱ ሴቶች ባጃጅ ውስጥ ተጣበው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ የትነበርሽ ስልኩን ከጆሮዋ ሳትለይ «ገባሽ? ተቀመጥሽ? ጎሽ» ትላለች። እናኑ ከልጇ ድምፅ የሚደርሳት ትርፍራፊው ብቻ ነው። ስልኩን ከእጇ ልትነጥቃት ፈለገች፤ ከነጠቀቻት እንደምትጮህ፣ ከጮኸች ደግሞ ሃና እንደምትዘጋው ታውቃለች። እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣባት፦ ሃና ይህን ጉዳይ ለየትነበርሽም አልነገረቻትም። ለሷም አልነገረቻትም! ደስ አላት። ልጇ ከዚያ ሰው ገና በደንብ ሳታመልጥ ደስ አላት። በራሷ ደንግጣ አማተበች።

ሃና ትኬት ከምትቆርጠው ሴት አጠገብ፣ ጠባብ አግዳሚ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣ ነበር። ሚኒባሱ በአካባቢው የለም። ሰውዬው ትንሽ ጠብቆ፣ ወደ ክፍሉ መጥቶ አንገቱን አስግጎ ነበር አለች ሴትዮዋ፤ «ምን ፈለግህ?» ብትለው ዞር ብሎ ሄደ። ቦርሳውም ሹራቧን፣ የታጠበውን ነጠላና የመዝሙር ደብተሯን እንደያዘ ሄዷል። የትነበርሽ የሃናን ስልክ ተቀብላ መልእክቶቹን አንድ በአንድ በራሷ ስልክ ፎቶ አነሣቻቸው። ሳትጨርስ የእመቤታችን ሥዕል ከገጹ ጠፋ፤ ስሙም ጠፋ። «ይህን ለፖሊስ እንሰጣለን፤ አንድም መልእክት እንዳታጠፊ» አለቻት። ልጅቱ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

እናኑ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቆጣት አትችልም፤ ማቀፍም ፈራች።

«ምነው ለኔ ብትነግሪኝ?» አለች በመጨረሻ።

«ላንቺማ ትጮሂያለሽ። ላባባም ትነግሪያለሽ።» ሃና ወደ የትነበርሽ ዞረች። «ላንቺ ደግሞ ሲያልቅ ላስደንቅሽ ብዬ ነው።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላት ይመስል ቅንድቧን ሰበሰበች። «ልሄድ መሆኔን ግን አስቀድማችሁ በምን አወቃችሁ? ለማንም አልተናገርኩም።»

የትነበርሽ እናኑን አየቻት፣ ልጅቱን አየቻት፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ባለፈው ሁኔታሽን አይቼ ጠርጥሬ ነበርና…»

ምሕረት ነው። ማንም አበልጅ ሊያደርገው የሚገባ፣ ማንም እናት አመስግና ልትቀበለው የሚገባ ምሕረት ነው። እናኑ ግን ይህን ስትሰማ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ነደደች። ልጇን ከመኪናው ያስቀረች እሷ፣ «እማዬ» የምትባል እሷ፤ አሁን ደግሞ የእናኑን በደል እንኳ ወስዳ የራሷ ልታደርገው ነው! ይህንንስ አልሰጣትም አለች በልቧ።

«ውሸቷን ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እሷ ምንም አታውቅም ነበር። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ፣ አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ፣ ስልክሽን ከፍቼ አንብቤዋለሁ።»

ሃና ቀስ ብላ ተነሣች። እናኑ ስልኬን ለምን ከፈትሽ ትለኛለች ብላ ጠበቀች፤ ለዚያ መልስ ነበራት። ልጅቱ ግን በጣቶቿ ትቆጥር ነበር።

«ሐሙስ?» አለች። «አርብ… ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቆሜ… ታውቂ ነበር? ታዲያ ምነው አላስቀረሽኝም?»

ትኬት የምትቆርጠው ሴት ሥራዋን ትታ ታያቸዋለች። የትነበርሽ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። እናኑ ሌላ ቃል ፈለገች፤ ለንስሐ አባቷ የምትነግራቸው ኃጢአቶች ሁሉ በፊቷ አለፉ። አንዳቸውም ለዚህ አይሆኑም።

«ቀንቼ ነው» አለች። «እሷ መሰለችኝ። ከሷ ጋር የምትሄጂ መስሎኝ፣ በሰው ፊት ላዋርዳት ብዬ ለቀቅሁሽ።»

ሃና ሰውዬው አንገቱን ሲያሰግግ አላለቀሰችም፤ ቦርሳዋን ይዞ ሲጠፋም አላለቀሰችም። አሁን ግን እናቷን ትክ ብላ እያየች ማልቀስ ጀመረች። የትነበርሽ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ሃና ገፋቻት። እናኑም ዘረጋች፤ እሷንም ገፋቻት።